ጥላ የሌለው ማረፊያ

ባሌ ታረቀ መንገድ የሚያልም ሰው ነበር። ሌላው ተኝቶ ያልማል፤ እሱ ቁጭ ብሎ፣ ዓይኑን ገልጦ። ነጋዴ ስለ ነበር በቅሎ ጭኖ ያልደረሰበት አገር የለም። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ገብቶ ንግዱ ሲቆም ግን መንገዱ ሁሉ ሆዱ ውስጥ ቀረ። ሥራ ሲፈታ ጥሬ ባቄላ መደቡ ላይ ይደረድራል። ይቺ ጨሞጋ ወንዝ ናት፤ ይቺ ምንጭ፤ እዚህ ጋ የአስታው ቁጥቋጦ ይጀምራል። እንዲህ እያለ ጮቄ ተራራን ይወጣል፣ እኔንም አስከትሎ። ጉሙ ሲገለጥ፣ ረጅሙ የጅብራ ተክል እንደ ሰው ቆሞ ሲጠብቀን፣ ብርዱ ጆሮዬን ሲቆነጥጠኝ ይሰማኝ ነበር። አንድ ቀን እወስድሻለሁ ይለኛል። እኔም ማመን እወድ ነበር።

ኋላ ድንጋይ የሚያጠና አንድ ፈረንጅ መጣ። ድንጋይ ባየ ቁጥር ስለሚጎነበስ የከተማው ሰው አጎንባሹ የሚል ስም አወጣለት። ጮቄ ጥንት እሳት ይተፋ ነበርና ደርሶ መልስ የአንድ ቀን መንገድ አውጥተህ ምራኝ ብሎ ታረቀን በአስተርጓሚ ጠየቀው። አነጋገሩ ልመና ይመስላል፤ ከኋላው ግን ጠመንጃ የያዘ ወታደር ቆሟል።

እንቢ ማለት አይቻልም። እሺ ማለትም አይቻልም። ወንድሜ እንዳላማው አርበኛ ሆኖ ጮቄ ሥር ጫካ ገብቷል። ፈረንጅ እየመራ ለመጣ ሰው የመጀመሪያው ጥይት የእሱ ነው፤ ዘመድ ሲሆንማ ይብሳል። መልእክት እንዳንልክ ኬላው ተዘግቷል። የፈሩት ይደርሳል፣ ባሌን በወንድሜ እጅ ላጣ ነው አልኩ በልቤ።

ታረቀ ግን ባቄላውን ይደረድራል። ለቁርስ የሚያርፉበትን ሲመርጥ ምንጩን አለፈ፤ ዛፍ ያለበትንም አለፈ። የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ከሩቅ የሚታይበት አንድ ራሰ በራ ጉብታ ላይ ባቄላዋን አስቀመጠ። መንገደኛ ሁሉ እዚያ ሲደርስ ከበቅሎው ወርዶ፣ ጎንበስ ብሎ ይሳለማል።

"ጥላ የለው፣ ውኃ የለው፤ እዚያ ምን ትሠራላችሁ?" አልኩት።

"ጥቁር ድንጋይ ሞልቶበታል፤ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው። ፈረንጁ ደስ ይለዋል።"

ሰው ሊሞት ሲል ለጠላቱ ደስታ ይጨነቃል? ተናድጄ ባቄላውን በተንኩበት። ሳይቆጣ ለቀመና የማረፊያዋን ባቄላ እዚያው መለሳት።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ሁለቱ ብቻ በበቅሎ ሄዱ። እኔ ደጃፍ ቆሜ ልቤ ባቄላ ባቄላውን ተከትሎ ወጣ። አሁን ወንዙን ተሻገሩ። አሁን ምንጩን አለፉ፤ ጉሙም ተገለጠላቸው። ከዚያች ራሰ በራ ጉብታ ወዲያ ግን ሐሳቤ አልሄድ አለኝ። ስንት ጊዜ እዚያ ደርሼ እንደ ተመለስኩ እንጃ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ኮቴ ሰማሁ፤ ታረቀ ነው። ፈረንጁም ከረጢት ሙሉ ድንጋይ ይዞ ይስቃል።

ጣሊያን ከአገር ወጥቶ እንዳላማው ቤቴ ሲገባ፣ ጠላውን ይዞ ያንን ቀን አነሣው። ከጉብታው በላይ ካለው ቋጥኝ ሥር ከጓደኞቹ ጋር አድፍጦ ነበር ለካ።

"መጀመሪያ ያነጣጠርኩት ታረቀ ላይ ነው" አለ፣ ሳያፍር። "ልተኩስ ስል ወርዶ ተሳለመ። ይሁን፣ ሲነሣ አልኩ። ወዲያው ፈረንጁም ወርዶ እስከ መሬት ጎነበሰ። ሚካኤልን የተሳለመ ሰው እንዴት ይገደላል?"

ከዚያ ወደ ታረቀ ዞሮ፣ ያ ሰው ወደ ሃይማኖታችን ገብቶ ነበር እንዴ ብሎ ጠየቀው። ታረቀ ወደ እኔ አየ።

"መጎንበሱንስ ጎንብሷል" አለ።

በዚያው ሰሞን ቃሉን ፈጽሞ ወደ ጮቄ ወሰደኝ። ወንዙም፣ ምንጩም ባቄላው እንዳስቀመጣቸው ነበሩ። ጉብታው ላይ ወርጄ ተሳለምኩ። ቀና ስል ቋጥኙን አየሁት። ቅርብ ነው፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው ቢያስል ይሰማል። ታረቀ አርበኛ እንደሚያደፍጥበት እያወቀ ለዚህ ቋጥኝ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ግንባሩን መሬት አስነክቶ፣ ፈረንጁ እስኪጎነበስ ጠብቋል። እንደገና ጎነበስኩ።

"ምነው የብርጓል፣ አሁን ተሳለምሽ አይደል?" አለኝ።

እንባዬን እንዳያይ ቀና ሳልል፣ "ድንጋይ ላነሣ ነው" አልኩት።