የሁለት ሺህ ሃያ አምስት ፋሲካ

ትርንጎ የገሳይን አስፋልት ለቅቃ የጉናን ዳገት ስትያያዘው ገና ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር። ላፕቶፕዋን እንደ አራስ ልጅ ደረቷ ላይ አቅፋ ትሮጣለች፤ ትንፋሽ ሲያጥራት ትቆማለች፤ ወዲያው ደግሞ ትሮጣለች።

በደብረ ታቦር የኮምፒውተር መምህርት ናት። ሦስት ዓመት የደከመችበት ፕሮግራም የባሕረ ሐሳብን ስሌት ይሠራል፤ የፈለጉትን ዓመት ጾምና በዓል በቅጽበት ያወጣል። ሊኑክስ የተባለውን ነጻ የኮምፒውተር ሥርዓት የሚያሰራጩ በጎ ፈቃደኞች ከሥርዓታቸው ጋር ሊያድሉት ተስማምተው፣ እሷም በደንባቸው መሠረት ጠቅልላ ልካላቸው ነበር። ትናንት ግን መርማሪያቸው አንድ ጥያቄ ጻፈ፦ በውስጡ ያለው ማብራሪያ የማን ነው? ባለቤቱስ ለማንም እንዲሰጥ ፈቅደዋል? የአዲሱ እትማቸው መዝገብ የሚዘጋው ዛሬ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ዛሬ ካመለጣት ቀጣዩ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ማብራሪያው የየኔታ ገብረመድኅን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሲያስተምሯት በስልኳ ቀድታ፣ ቃል በቃል ገልብጣ አስገብታዋለች። ማስፈቀድ ግን ጨርሶ ትዝ አላላትም። ነገሩን ባሰበችው ቁጥር ራሷን በጥፊ ማለት ያምራታል።

የኔታን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ፀሐይ ሲሞቁ አገኘቻቸው። ጉልበታቸውን ስማ፣ አንድ ሳታስቀር ነግራቸው የፈቃዱን ወረቀት ዘረጋችላቸው። እሳቸው ወረቀቱን ዘወር ብለውም አላዩት።

«ሂድና አስተምር ብዬ የለቀቅሁት ሁሉ፣ መጀመሪያ እፊቴ ቆሞ በቃሉ ተናግሯል» አሉ። «አንቺም እንደዚያው ነሽ።»

«የኔታ፣ ማሽኑ እኮ ያወጣዋል። ልክፈተውና ይዩት።»

«ማሽኑን መች አስተማርሁት? የሁለት ሺህ ሃያ አምስት ፋሲካ መቼ ይውላል?»

ትርንጎ ብድግ አለች። «ዓመተ ዓለሙ ሰባት ሺህ አምስት መቶ ሃያ አምስት። ለዐሥራ ዘጠኝ ሲካፈል አንድ ይተርፋል። አንዱ ለዘመን ይቀነሳል። የሚቀረው ወንበሩ... አልቦ።»

አልቦ፣ ባዶ። አበቅቴና መጥቅዕ የተባሉት የበዓል ማውጫ ቁጥሮች የሚገኙት ወንበሩን በማባዛት ነው፤ ባዶ በምን ቢባዛ ምን ይወጣል? ይህችን ጉዳይ ከሦስት ዓመት በፊት ፕሮግራሙ ውስጥ በአንዲት መስመር ዘግታት፣ ከዚያ ወዲህ ዞራ አላየቻትም። የኔታ ጢማቸውን ያሻሉ። ከስንት ዓመት መካከል ይህንኑ መምረጣቸው! ተንኮለኛ ሽማግሌ ናቸው። ሁለቱ ቁጥሮች ተደምረው ሁልጊዜ ሠላሳ ይሆናሉ። አበቅቴው ባዶ ከሆነ...

«መጥቅዕ ሠላሳ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ በኋላ ማን ያቁማት! መስከረም ሠላሳ እሑድ፣ ነነዌ የካቲት ሰባት፣ «ፋሲካ ሚያዝያ ዐሥራ ስድስት!»

«ወረቀቱን አምጪ» አሉ የኔታ። መጀመሪያ የመምህራቸውን የመሪጌታ ዓለምነውን ስም ጻፉ፤ ከሥሩ የራሳቸውን አስከትለው ፈረሙ።

ትርንጎ ወረቀቱን ፎቶ አነሳች። ከመላኳ በፊት ጥቅሉን ከፍታ አንድ ነገር ጨመረችበት። ኔትወርኩ እየመጣ እየሄደ አንጀቷን አሳረራት፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ «ተቀብለናል» የሚል መልስ ሲደርሳት ግን ዘላ እልል አለች፤ ዓይኗም እንባ አቀረረ። በየአገሩ ያሉ የበጎ ፈቃደኞቹ ማሽኖች ጥቅሉን አንድ በአንድ እየገነቡ መሞከር ጀመሩ።

«አሁን ማን ሊገለገልበት ነው?»

«የማናውቃቸው ሰዎች፣ የኔታ። በየአገሩ።»

«እነሱንስ ማን ይፈትናቸዋል?»

«ለሰዎቹ እንኳ መላ የለኝም። ማሽኖቹን የሚፈትኗቸው ግን አንቱ ነዎት» አለች እየሳቀች። «ጥያቄዎን ጨምሬዋለሁ። የሁለት ሺህ ሃያ አምስትን ፋሲካ መመለስ ያልቻለ ማሽን ጥቅሉን አያሳልፍም።»

የኔታ ወደ ላፕቶፑ መስኮት አጎነበሱ። የመጀመሪያው ማሽን አረንጓዴ ሆነ፤ አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። ሦስተኛው ገና እያሰበ ነው። የትርንጎ ጣት ሳይታወቃት ወደ ፊደል ገበታው ተጠጋ።

«ተይ!» አሉ የኔታ እጇን ይዘው። «እንዳትነግሪው!»