የጥሊሊዋ በቅሎ ምልክት

ሚኒባሱ አዲስ ቅዳምን እንዳለፈ ያለምወርቅ ስልኳን አውጥታ የሠራችውን ድረ ገጽ ከፈተች። አንድ ነገር ጎድሏል። «ጥሊሊ ላይ በቅሎ ተገኝታለች» ከሚለው በታች የጻፈችው ሁሉ የለም። የቀረው የቤዛዊት ስልክ ቁጥር ብቻ ነው።

ያለምወርቅ ቆሰበር ላይ ልብስ ሰፊ ናት። ኮድ መጻፍን ያስተማራት የለም፤ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ከዩቲዩብ ስትሰማ ስትሰማ ነው የገባት። መጀመሪያ የደንበኞቿን ልክ የሚይዝ ገጽ ሠራች። ወገቡን ከትከሻ እያምታታ ሲያስቸግራት አፍርሳ እንደገና ሠራችው። ቀጥሎ የጠፋ ከብትን ከባለቤቱ የሚያገናኘውን ይኸን ጀመረች። ዛሬ ዳንግላ ላይ ሃካቶን አለ፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው ቀኑን ሙሉ ኮድ ሲጽፉ የሚውሉበት ውድድር ነው። አጣማሪዋ ቤዛዊት ኮምፒውተር ተምራ የተመረቀች የዳንግላ ልጅ ናት። የይለፍ ቃሉን የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ታዲያ ሌላ ማን ይነካዋል?

«ጌታዬ፣ ክፉ አታሳስበኝ» አለች በልቧ። ማሰቡ ግን አልቀረላትም። ትናንት በስልክ «እርስዎ አይድከሙ፣ ለዳኞቹ እኔ ላቅርበው» ያለችኝ ለካ ለዚህ ኖሯል። የእኔን አጉድላ የራሷን ሞልታ ልታቀርብ ነው።

አዳራሹ በር ላይ ስትደርስ ቤዛዊት ጃኬት ከለበሰ ሰውዬ ጋር ቆማ ዝግ ባለ ድምፅ ታወራለች። ያለምወርቅን ስታይ ወሬዋን ቶሎ አቋረጠች።

«ደህና አደሩ እትዬ። ገብተው ይቀመጡ፣ መጣሁ።»

ገባች። ላፕቶፗን ከፈተችና የጠፋውን መልሳ ጻፈችው። የይለፍ ቃሉንም ለወጠች።

ቤዛዊት መጥታ ስክሪኑን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ።

«እትዬ፣ መለሱት እንዴ?»

«የኔን እኔ ብመልሰው ምን ይገርማል?»

«ውጪ ያለው ሰውዬ በቅሎዋ የኔ ናት ይላል። ትናንት ማታ ደውሎ ምልክቷን ሳልጠይቀው ኢንተርኔት ላይ አየኋት አለኝ። ጠርጥሬው ነው ምልክቷን ከገጹ የደበቅሁት። ዛሬ ምልክቷን ብጠይቀው ተንተባተበ።»

«ለኔ አይነገረኝም?»

«ጧት ብደውል ስልክዎ ዝግ ነው።»

ኪዳን ልታደርስ ስትገባ እንደዘጋችው ትዝ አላት።

ሰውዬው ስልኩን እንደያዘ ገባ። «እህቶቼ፣ ቅድም ደንግጬ ነው እንጂ ምልክቷማ አይጠፋኝም። ዳማ ናት። የግራ ጆሮዋ ጫፉ ተሸርፏል። የኋላ ቀኝ እግሯ ከሰኮናዋ በላይ ነጭ ነው።»

ቃሉ ያለምወርቅ አሁን ገጹ ላይ የመለሰችው የራሷ ቃል ነው፤ ተራው እንኳ አልተዛነፈም። በአገሩ ከብት ያገኘ ሰው ገበያ ላይ ሲያስነግር «በቅሎ አግኝቻለሁ» ብሎ ያበቃል፤ ምልክቱን የሚናገር የእኔ ናት ባዩ ነው። ይህን ከልጅነቷ እያወቀች ገጹ ላይ ባዶ ሳጥን ስታይ ሞላችው።

በቅሎዋን አግኝተው በግቢያቸው ላሰሩት አዛውንት ደወለች፤ ድምፁንም ለሁሉም ከፈተችው።

«አያ ውዱ፣ የበቅሎዋ ባለቤት ነኝ የሚል መጥቷል። ምልክቱን ሁሉ አወቀ።»

«ሁሉን? እኔ ላንቺም ሁሉን አልነገርሁሽ። ኮርቻው የሚያርፍበት ላይ ምን እንዳለባት ይንገረኝ።»

ሰውዬው ስልኩን አየት አደረገ። ገጹ ስለ ኮርቻ ምንም አይልም።

«ጠባሳ ነው መሰለኝ።»

«መሰለኝ? የገዛ በቅሎህን?»

«ኔትወርኩ ይቆራረጣል» አለና ሰውዬው ወጣ። ተመልሶም አልመጣ።

«ሄደ?» አሉ አያ ውዱ። «ይሂድ። እንግዲህ ባለቤቷ እስኪመጣ ሣሬን ትብላ።»

«አንቱ፣ እኔንም ጠርጥረውኝ ነበር ማለት ነው?»

«ምን ላርግ ልጄ፣ የሰው በቅሎ ይዤ።»

ስልኩ ተዘጋ። ያለምወርቅ ቤዛዊትን ቀና ብላ ማየት አቃታት።

«ምልክቱን አጥፊው» አለቻት። «በሱ ቦታ ጠያቂው የሚሞላው ባዶ ሳጥን ይሁን። የሞላውንም ከብቱን ያገኘው ሰው ብቻ ይየው።»

ቤዛዊት የራሷን ላፕቶፕ ከፍታ የይለፍ ቃሉን ጻፈች። ደግማ ጻፈች።

«እትዬ፣ አላስገባ አለኝ። ተቀይሯል እንዴ?»

ያለምወርቅ ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ ወደ ልጅቱ ጆሮ ጠጋ ብላ አዲሱን የይለፍ ቃል በሹክሹክታ ነገረቻት።