ጋሼ ወልዴ ያልነኩት መስታወት

አምፖሉ የፈነዳው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ፊልሙ ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ነው። ተመልካቹ ጥይት የተተኮሰ መስሎት ከወንበር ሥር ገባ፤ የጠፋው ሥዕሉ ብቻ መሆኑን ሲያውቅ ደግሞ ማፏጨት ጀመረ። ላይ፣ ፕሮጀክተሩ ክፍል ውስጥ፣ ጋሼ ወልደ ጊዮርጊስ ኤልሳዕን በክርናቸው ወደ ግድግዳው ገፉት።

«ወዲያ በል! ሳይቀዘቅዝ ማንም በሩን እንዳይከፍት።»

ግማሽ ሰዓት ጠበቁ። ከዚያ ጋሼ ወልዴ የፊት መከለያ አጥልቀው፣ ወፍራም የቆዳ ጓንት አድርገው የአምፖሉን ቤት ከፈቱና ስባሪውን አንድ በአንድ እየለቀሙ በራሱ ካርቶን ውስጥ አስቀመጡት። «እንዳይጣል» አሉ፤ «የሞተበትን ምክንያት የሚናገር እሱ ነው።»

ኤልሳዕ በኤሌክትሪክ ሙያ ተመርቆ በዚህ ሸዋ በር አጠገብ ባለ ሲኒማ ቤት ከተቀጠረ ገና አራት ወሩ ነበር። ጋሼ ወልዴ ግን ከጥቅልል ፊልሙ ዘመን ጀምረው ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተውበታል። አምፖሉን የገጠሙት ኤልሳዕ ሥራ በጀመረበት ቀን ነው። አንድ ሺህ ሰዓት ያበራል የተባለው በሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰዓቱ አለቀ፤ ሲፈነዳም ከኋላው ያለውን ብርሃን የሚያንጸባርቅ ውድ መስታወት ሰባብሮ ሄደ።

የሲኒማ ቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ሂክማ በማግስቱ መጥተው፣ «ምን እንደሆነ በጽሑፍ ይሁንልኝ» አሉ። መጻፉ በተማረው በኤልሳዕ ላይ ወደቀ።

ኤልሳዕ ሰውን መበደል የሚወድ ልጅ አልነበረም። ግን እንዲህ ያለው አምፖል በውስጡ ጋዝ በኃይል የታመቀበት መሆኑን፣ የጣት ወዝም ሆነ ሌላ እድፍ መስታወቱ ላይ ከቀረ በሙቀቱ ተጋግሮ እዚያው ቦታ ላይ እንደሚያደክመው መመሪያው ላይ አንብቧል። ጋሼ ወልዴ ደግሞ ቀዝቃዛ አምፖል ሲገጥሙ ጓንት አይወዱም፤ «ጣቴን ያሳውረዋል» ይላሉ። ስለዚህ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «አምፖሉ ሲገጠም ዋናው ባለሙያ ጓንት አላደረጉም። በዚህም የተነሳ መስታወቱ በባዶ እጅ በመነካቱ ያለ ዕድሜው ፈንድቷል።» የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር በዓይኑ አይቶታል። ሁለተኛውን ማንም አላየውም።

ወይዘሮ ሂክማ አንብበው ቀና አሉ። «ጋሼ፣ ነክተውታል እንዴ?»

ጋሼ ወልዴ የተመለከቱት ኤልሳዕን ነው። «ልጁ ተምሯል። ጽፎታል» አሉና ቁልፋቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ወይዘሮ ሂክማ «ኧረ በአላህ፣ ማን ሂዱ አለዎት?» እያሉ እስከ ደጅ ተከተሏቸው፤ አልተመለሱም።

ከሁለት ወር በኋላ፣ ሲኒማ ቤቱ አዲስ አምፖልና መስታወት እስኪመጣ እንደተዘጋ፣ የስባሪው ካርቶን ከተላከለት አስመጪ መልስ መጣ። ኤልሳዕ ደብዳቤውን ቆሞ ጀምሮ ተቀምጦ ጨረሰው። ስባሪው ላይ የጣት አሻራ አልተገኘም። የተገኘው አምስት ነጫጭ ነጥብ ነው፤ ውሃ ተንጠባጥቦ፣ የውሃው ኖራ መስታወቱ ላይ ተጋግሮ የሠራው። የፈነዳውም ከትልቁ ነጥብ ጀምሮ ነው። ደብዳቤው ሲያበቃ፣ «አገጣጠሙን በተመለከተ፣ አምፖሉ የተያዘው በሁለቱ የብረት ጫፎቹ ብቻ ስለነበር እንከን የለበትም» ይላል።

ውሃ! ኤልሳዕ አምፖሉ የተገጠመበት፣ ሥራ የጀመረበት ቀን ትዝ አለው። እናቱ ወይዘሮ ሮማነወርቅ ጠዋት በትንሽ ጠርሙስ ጸበል ሰጥተውት፣ «የሥራ ቦታህን ርጨው፣ እጅህ እንዲቀና» ብለውት ነበር። ጋሼ ወልዴ አምፖሉን ገጥመው ኤሌክትሪኩን ከቆጣሪው ሊያበሩ ወደ ታች ሲወርዱ፣ እሱ ብቻውን ቀርቶ በስመ አብ ብሎ ማሽኑን ረጨው። የአምፖሉ ቤት በር ገና አልተዘጋም ነበር። በኋላ ሪፖርቱን ሲጽፍ ይህ ነገር በሐሳቡ እንኳ ውል አላለም። ጸበልን ከእድፍ ጋር ማን ይቆጥራል?

ደብዳቤውን ይዞ ወይዘሮ ሂክማ ጋ ሄደና ሁሉንም ነገራቸው።

«ወላሂ፣ እኔም አለሁበት። ወረቀትህን አምኜ የሰውየውን ፊት ሳላይ ቀረሁ» አሉ። «አሁን ግን ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ለእሳቸው ንገር። ከሰዓት ታክሲ ተራው ጋ ያለው ሻይ ቤት አይጠፉም። በእኛ በር ላለማለፍ ዞረው ነው የሚመጡት።»

ጋሼ ወልዴ እውነትም እዚያው ነበሩ። ኤልሳዕ ሳይቀመጥ ጀመረ፤ ጸበሉን፣ ነጥቦቹን፣ ደብዳቤውን። ሽማግሌው መጀመሪያ ዓይናቸው ፈጠጠ፣ ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«አጥምቀህ ገደልከው በለኛ! እኔ እኮ ማታ ማታ እየተነሳሁ ‹ወልዴ፣ ነክተኸው ይሆን?› እያልኩ ጣቴን ስመረምር ነው የከረምኩ።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ።»

«ለአምፖሉ? እሱንማ ለእናትህ ስል ምሬሃለሁ። እሳቸው መቼ ሊጎዱህ ብለው።» ሳቃቸው ሄደ። «ወረቀቱን ስትጽፍ የት ነበርኩ?»

ኤልሳዕ ደብዳቤውን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

«አጠገብህ። የጻፍክበትን እስክሪብቶ የሰጠሁህ እኔ ነኝ። ‹ጋሼ፣ መስታወቱን ነክተውት ነበር?› ብትለኝ ምን ነበረበት? አንድ ቃል ነው። እኔ ደግሞ ጠየቁኝና በኩራት አፌን ያዝኩ። ሁለታችንም አልተናገርንም።»

«ሌላ ሪፖርት ጽፌያለሁ። ቅዳሜ አዲሱ አምፖል ይገጠማል፤ ይምጡና በሠራተኛው ሁሉ ፊት ላንብበው። ወይዘሮ ሂክማም ሥራዎን ይቀጥሉ ብለዋል።»

«አንብበው። መልካም ነው። እኔ ግን አልመጣም።»

«ለምን?»

«ና ሸኘኝ» ብለው ተነሱ።

ሚኒባሶቹ ጋ ሲደርሱ አንድ ጎልማሳ ረዳት ከሩቅ አያቸው። «ጋሽ አምፖል! ወደ ሐኪም ጋራ ነው፣ አንድ ሰው ብቻ! ቀስ ብላችሁ አስገቧቸው፣ እንዳይፈነዱብን!» መኪናው ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ።

ኤልሳዕ ደሙ ፈላ። «አምፖሉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ! እሳቸው አልነኩትም!»

«ጎበዝ ነህ! እንግዲያው አምፖል ቁጥር ሁለት፣ ለአንተ የሚቀጥለው ይመጣል» አለ ረዳቱ። ሳቁ ባሰ። ጋሼ ወልዴ በሩ አጠገብ ተቀመጡና፣ «አየህ?» ብቻ አሉት። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

ቅዳሜ ኤልሳዕ ጓንቱንና መከለያውን አድርጎ አዲሱን አምፖል ከብረት ጫፎቹ ይዞ ገጠመው፤ ከዚያ አዲሱን ሪፖርት አነበበ። ስምንት ሠራተኞች ሰሙት። ወይዘሮ ሂክማ ፈርመው የመጀመሪያውን ወረቀት ቀደዱት።

ሰኞ ወደ ሸዋ በር ታክሲ ተራ ወረደና ከዚያው ረዳት ጀመረ። ረዳቱ ሰምቶት አፈረ፤ «እኔ ሰው ሲል ሰምቼ ነው» አለ። ሁለተኛው ራሱን ነቀነቀ። ሦስተኛው፣ ጎማ እየነፋ የነበረ ሹፌር፣ ቀና ብሎ «የምን አምፖል?» ሲል ጠየቀው። ስሙን እንጂ ታሪኩን አያውቅም ነበር። ጋሽ አምፖል ማለት ለእሱ ሐኪም ጋራ የሚወርዱ አንድ ሽማግሌ ናቸው፣ በቃ።

ኤልሳዕ ሊመልስ አፉን ከፈተ። እኚህ ሰው ንጹሕ ናቸው ለማለት፣ መጀመሪያ የተከሰሱበትን መናገር ነበረበት። ሹፌሩ ጎማው ላይ እጁን እንዳሳረፈ ይጠብቀዋል።