የተደበቁት ስድስት ፎልደሮች

የኔታ አካለ ወልድ ቢቸና ውስጥ ሠላሳ ዓመት ቅኔ አስተምረዋል። ጉልበታቸው ሲደክም ወንበሩን ለደቀ መዝሙራቸው ለቀቁና የቀደሙ መምህራንን ቅኔ ኮምፒውተር ላይ መጻፍ ያዙ። ለእያንዳንዱ መምህር አንድ ፎልደር ከፈቱ። አንዲት ቃል ሲጽፉ ፈላጊው ፕሮግራም ያቺ ቃል ያለችበትን ቅኔ ሁሉ ያወጣላቸዋል።

አሮጌው ኮምፒውተር መንቀራፈፍ ሲጀምር ልጃቸው እፀገነት አዲስ ላፕቶፕና በኔትወርክ የሚገናኝ የፋይል ማከማቻ ሳጥን ገዛች። ሁሉንም ወደ ሳጥኑ ገልብጣ አሮጌውን ባዶ አድርጋ ለምታስተምርበት ትምህርት ቤት ሰጠችው።

በማግስቱ የኔታ "ደመና" ብለው ጻፉ። የመምህራቸው የወልደ ሰንበት ቅኔ አልመጣም። ፎልደራቸውን ቢፈልጉ የለም። የሌሎች አምስት መምህራንም የለም። እሁድ ደግሞ ደብረ ወርቅ የወልደ ሰንበት ሙት ዓመት ነው፤ ያንን ቅኔ ሊያሰሙ ቃል ገብተዋል።

ልጃቸውን አልተቆጧትም። ላፕቶፑን ዘግተው ተነሡ እንጂ። እፀገነት ይህ ቢከብዳት ሞጣ ኮምፒውተር ለምትጠግነው ለዘይዳ ደወለች። ሳጥኑን የገዛችው ከእሷ ነበር።

ዘይዳ ረቡዕ ጠዋት በሚኒባስ መጣች። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ የኔታን ጎንበስ ብላ ሰላም ብላ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጠች። መጀመሪያ ፈላጊው ሳጥኑን ማወቁን አየች፤ ያውቀዋል። ምናልባት የመግቢያ ፈቃድ አጥቶ ይሆናል ብላ ፈቃድ ሰጠችውና ሁሉንም እንደ አዲስ እንዲያነብ አዘዘችው።

ያ እስኪያልቅ ምሳ ቀረበ። የጾም ቀን ነውና ሽሮና ጎመን ነበር፤ ሦስቱም ከአንድ ትሪ በሉ። የኔታ እንግዳቸውን "ብዪ እንጂ" አሏት።

ከምሳ በኋላ ዘይዳ "ደመና" ብላ ሞከረች። አሁንም ወልደ ሰንበት የሉም።

ዘይዳ አፈረች። ጥቂት አሰበችና ላፕቶፑ የሚያሳያትን ትታ የሳጥኑን የራሱን ገጽ ከፈተች። ላፕቶፑ ላይ አርባ አንድ የነበረው ፎልደር እዚያ አርባ ሰባት ሆነ።

"እፀገነት፣ ነይ እዪ!"

ስድስቱ ከላይ ተደርድረዋል። የሁሉም ስም በነጥብ ይጀምራል።

"የኔታ፣ እነዚህ ላይ ነጥብ ያስቀደሙት እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ" አሉ። "ስድስቱም ያስተማሩኝ ናቸው። ወልደ ሰንበት በፊደል ተራ ቢሄዱ ከብዙዎቹ በታች ሊውሉ ነው። እንዴት አድርጌ መምህሬን ከታች አስቀምጣለሁ? ነጥብ ሳደርግ ወደ ላይ ወጡልኝ።"

ዘይዳ ሳቋ አመለጣት። "በአሮጌው ኮምፒውተር ልክ ነበሩ። ይህ ሳጥን ግን በነጥብ የሚጀምረውን ሁሉ የተደበቀ ነው ብሎ ይይዘዋል። ስለዚህ ላፕቶፑ አያሳየውም፣ ፈላጊውም ዘሎት ያልፋል።"

"አልጠፉም ማለት ነው?" አለች እፀገነት።

"አንድ ገጽ አልጎደለም።"

እፀገነት መደቡ ላይ ቁጭ ብላ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። የኔታ ተነሥተው አጠገቧ ተቀመጡ።

"እኔው ደብቄ አንቺን ጠረጠርኩ" አሏት። "ይቅር በይኝ፣ ልጄ።"

"እኔም እኮ ራሴን ጠርጥሬ ነበር፣ አባዬ።"

ዘይዳ ፈላጊው የተደበቀውንም እንዲያነብ ማዘዝ እንደሚቻል ነገረቻቸው። "ግን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፍቱት ያው ይሆናል። ስሙን ብንቀይረው ይሻላል። በነጥቡ ፈንታ 'ሀ' ብናስቀድምስ?"

የኔታ አሰቡበት። "ከሀ በላይ የሚቀመጥ ፊደል የለም። ይሁን።"

ስድስቱን አንድ በአንድ ቀየረች። ፈላጊው እንደገና አንብቦ ሲጨርስ የኔታ ራሳቸው በአንድ ጣት "ደመና" ብለው ጻፉ። የወልደ ሰንበት ቅኔ ከላይ መጣ። መነጽራቸውን አስተካክለው በዜማ አሰሙት። ዘይዳ ግእዝ አታውቅም፤ ቢሆንም እስኪጨርሱ ከወንበሯ አልተንቀሳቀሰችም።

እሁድ ማታ እፀገነት ሞጣ ደወለች። ቅኔው ተሰምቷል። ሁለት የየኔታ የጥንት የትምህርት ጓደኞች አንዲት ቃል ላይ ተከራክረው፣ እያንዳንዳቸው በየአባታቸው ደብተር የቀረውን ቅኔ ለየኔታ ሊልኩላቸው ቃል ገብተዋል።

"አባዬ ደስ ብሎት መጣ" አለች። "ከመግባቱ አዲስ ፎልደር ክፈቺልኝ ይለኛል።"