አንቀጽ ሰባት

ፒዮ ማልሱን ዶሮውን በዱቄት እየለወሰች ሳለች ነው ታክ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ የዘረጋው። ማልሱንና ባሏ የዶሮ ጥብስ ሱቃቸውን የሚሠሩት በአንድ ኩባንያ ስም ነው፤ ታክ ከዚያ ኩባንያ በየወሩ ወደ ጉንሳን ከተማ የሚመጣ ተቆጣጣሪ ነው። ሚስቱ የወለደች ጊዜ ማልሱን ለአራስ የሚሰጠውን የባሕር ቅጠል ሾርባ ሠርታ ልካላታለች። ዛሬ ግን ዓይኗን ማየት ከብዶታል።

«እትዬ፣ የውል ማደሻው ነው። ሁለታችሁም እዚህና እዚህ ጋ ትፈርማላችሁ።»

ባሏ ቢዮንግቴ እጁን በሽርጡ ጠርጎ እስክሪብቶ አነሳ።

«ቆይ እንጂ አንተ ሰውዬ! የሠርግ ጥሪ መሰለህ?» አለችና መነጽሯን አድርጋ አንቀጽ ሰባትን ጮክ ብላ አነበበች። ባለሱቁ ሕግ የሰጠውን መብት ሁሉ ትቷል፤ ስለ ሌሎች ቅርንጫፎችም አቤቱታ አያቀርብም ይላል።

ኩባንያው ባለፈው መኸር፣ ለእነሱ ብቻ በተከለለው ሰፈር ውስጥ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ሌላ ቅርንጫፍ ከፍቶባቸዋል። ከደንበኞቻቸው ግማሹ ወደዚያው ነጉዷል።

«ባንፈርምስ?» አለች ማልሱን።

«አይታደስም ብለውኛል» አለ ታክ።

«አሥራ ሁለት ዓመት የለፋንበት ሱቅ ነው» አለ ቢዮንግቴ። «እንፈርምና አርፈን እንኑር።»

ማልሱን ወደ ጓዳ ገብታ ለቦክሱን ደወለች። ቦክሱን ወደቡ አጠገብ ያለው ቅርንጫፍ ባለቤት ናት፤ የባለሱቆቹንም ማኅበር ትመራለች።

«ብትፈርሚም ከንቱ ነው» አለች ቦክሱን፤ ድምጿ ከስልኩ አልፎ እስከ በሩ ይሰማል። «ጠበቃ ጠይቀናል። ሕግ ለባለሱቅ የሰጠውን መብት በፊርማ ማስጣል አይቻልም። አንቀጹ የሞተ ነው።»

ቢዮንግቴ ለካ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። «ይኸው! ከሞተ ምን ያስፈራሻል? ፈርሚና እንገላገል።»

«የሞተ መሆኑን እያወቁ ለምን ጻፉት?» አለች ማልሱን። « የሚሠራ መስሎኝ አፌን ዘግቼ እንድኖር ነዋ! እኔ ደግሞ ራሴን አውቃለሁ። አንዴ ከፈረምኩ፣ ቃሌን እንዳልበላ ብዬ እስክሞት ትንፍሽ አልልም።»

ማልሱን ደንበኛ ረስቶት የሄደውን ጃንጥላ ለማድረስ ራሷ ዝናብ እየደበደባት የምትሮጥ ሴት ናት፤ እንዳለችው እንደምታደርግ ከቢዮንግቴ በላይ የሚያውቅ የለም።

ማልሱን ተመልሳ ተቀመጠች። አንቀጽ ሰባትን ከዳር እስከ ዳር ሰረዘችና ከታች ፈረመች።

«እትዬ፣ ይሄንንማ አይቀበሉኝም!»

«ካልተቀበሉ፣ መብቷን አልተው ስላለች ውሏን አናድስም ብለው በጽሑፍ ይላኩልኝ። ባንተ አልተቆጣሁም፣ ልጄ። ለመሆኑ ቁርስ በልተሃል?»

ታክ ፈገግታ አመለጠው። «አልበላሁም። እንዲያ ብለው ለመጻፍ እንኳ... የሚደፍሩ አይመስለኝም።»

ማልሱን ዶሮ ልትጠብስለት ተነሳች። ቢዮንግቴ ወረቀቱን ወደ ራሱ ስቦ ስረዛውን ለረጅም ጊዜ አየው።

«ማኅተም የሌለው ስረዛ ምን ዋጋ አለው? ይቺን እንኳ አታውቅም» እያለ እያጉረመረመ መሳቢያውን ከፈተ። ስሙ የተቀረጸባትን፣ እንደ ፊርማው የምትቆጠረውን ትንሽ ማኅተም አውጥቶ እፍ አለባት፤ ቀይ ቀለም አስነካትና በተሰረዘው መስመር ጫፍ ላይ ጠበቅ አድርጎ አሳረፋት።