ባዶው ወንበር የሰለቸው ቦታ

ልጅቷ የጻፈችውን ለባዶ ወንበር ማንበብ ከጀመረች ወዲህ የእናት ልብ ከቦታው የለም።

ነገሩን ያመጣው የድርሰት አስተማሪዋ ነው። «የጻፍሽውን ጮክ ብለሽ አንብቢ። ፊት ለፊትሽ ወንበር አስቀምጪና ሰው እንደተቀመጠበት አስቢ። የሚሰለቸው ቦታ ስትደርሺ ይታወቅሻል፤ እዚያ ጋ ቁረጪ» ብሏታል። ምክሩ ጥሩ ነው። ክፋቱ ልጅቷ ከቤቱ ወንበር ሁሉ መርጣ ያስቀመጠችው የሟች አባቷን ወንበር መሆኑ ነው።

ሰውየው በሕይወት ሳለ ወሬ ሲረዝምበት አፍ አውጥቶ አይናገርም፤ ወንበሩ ላይ ይገላበጣል፣ ወንበሩም ሲጢጥ ይላል። እንግዳ ያንን ሲሰማ ወሬውን ሳይጨርስ ባርኔጣውን ፈልጎ ይነሳ ነበር።

አሁን እናት በጎን ክፍል የስፌት መኪናዋን አቁማ ታዳምጣለች። ልጅቷ ስለ አንድ ጀልባ ነጂ ታነባለች። ሲጢጥ። ታቆማለች፤ እስክሪብቶዋ ወረቀቱን ይጭራል። እንደገና ታነባለች። ጸጥ።

«እማዬ፣ ይሠራል እኮ» አለች ምሳ ላይ፣ አፏን ሞልታ። «የጀልባውን ቀለም ደጋግሜ ነግሬው ነበር። አንዴ ይበቃዋል።»

«ማንን ነው የነገርሽው?»

«አንባቢውን ነዋ።»

እናት በሐሳቧ ልጅቷን ሐኪም ቤት አስተኝታለች፤ ጎረቤትም ሁሉ መጥቶ ከንፈሩን መጥጦ ጨርሷል።

በማግስቱ ልጅቷ እንደወጣች እናት አናጢ ጠራች።

«ይሄ ወንበር ምን ሆነ ብለው ነው፣ እትዬ? ከእኔ ወገብ ይሻላል።»

«ይጮሃል።»

አናጢው ተቀመጠበት፣ ተወዛወዘበት። ድምፅ የለም። «ከጮኸ ያስጮኸው ሌላ ሰው ነው» ብሎ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ለማንኛውም መጋጠሚያውን ሁሉ ሙጫ አስጠጣው፤ ምስማርም ጨመረበት።

ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ለመጨረሻ ጊዜ ልታነብ ተቀመጠች። ነገ ለአሳታሚው ታስረክባለች፤ እሱም አንዴ ብቻ እንደሚያየው ነግሯታል። መጨረሻው ላይ ጀልባ ነጂው ስለ ሕይወት የሚሰብክበት ቦታ አለ። እስከ ትናንት፣ ደጋግማ ብትጽፈውም፣ ወንበሩ እዚያ ሲደረስ ያብድ ነበር። ልጅቷ እሱንም አነበበች። ጸጥ።

«ተመስገን፣ ወደደው» አለች።

እናት ትንፋሿን ለቀቀች። ይኼኔ በጎን ክፍል እሷ የተቀመጠችበት አግዳሚ ወንበር ሲጢጥ አለ።

አልተንቀሳቀሰችም። እጇ ጨርቁ ላይ ነው፤ እግሮቿም እንደተገጠሙ ናቸው። አግዳሚው ግን ደገመ። አጠገቧ የተቀመጠ ከባድ ሰው ጎኑን የሚያዞር ይመስል፣ በዚያ በኩል ዝቅ ብሎ ቀረ።

«እማዬ፣ አንቺ ነሽ?»

ዝም ብትል ልጅቷ ከወንበሩ ትገላገላለች። ታሪኩ ግን ነገ እንዳለ ይሄዳል፤ አሳታሚውም እዚያች ስብከት ጋ ሲደርስ ወረቀቱን ያስቀምጠዋል።

«እኔ ነኝ» አለች እናት። «የጀልባ ነጂው ስብከት ረዘመ መሰለኝ። ተሳፋሪዎቹን ወንዙን አሻግሯቸው ዝም ቢል አይሻልም?»

የልጅቷ እስክሪብቶ ወረቀቱን ብዙ ጊዜ ጫረ።

«አባዬን መሰልሽ» አለች እየሳቀች፤ ከላይ ጀምራም ማንበብ ቀጠለች።

እናት ወደ አግዳሚው ጫፍ ፈቀቅ ብላ፣ ቦታ ለቃ አዳመጠች።