ድምፁ የደከመው ክንድ

«አትንኩኝ! አትንኩኝ አልኩ!»

ልጅቷ ነርሱን ሆዱ ላይ ረግጣ ከአልጋ ልትወርድ ስትል አያቷ ትከሻዋን ይዘው መለሷት። ቀኝ ክንዷ ዙሪያውን ተቃጥሎ ቆዳው ነጥቶ ደርቋል። አብጦ እንደ እንጨት ጠጥሯል።

«ቃጠሎ ነው እማማ፣ ማመሙ አይቀርም» አለ ነርሱ ሆዱን እያሻሸ። «ማስታገሻ ወስዳለች።»

«ሁለቴ ወስዳለች! ጣቷን ንካው እስቲ፣ በረዶ ነው። የተቃጠለ እጅ ይበርዳል እንዴ?»

ይህን የሰማችው ሐኪም የአልትራሳውንድ መሣሪያ እየገፋች መጣች። አያቷ ደነገጡ።

«ኧረ እርጉዝ አይደለችም!»

«የደም ሥሯን ላይበት ነው፣ እማማ።»

ጤነኛው ክንድ ላይ ስታሳርፈው መሣሪያው ሹው፣ ሹው እያለ ጮኸ። የተቃጠለው ላይ ግን ድምፁ ቀጥኖ ሊጠፋ ደረሰ።

«እብጠቱ መውጫ አጥቶ ክንዷን ከውስጥ እያነቀው ነው» አለች ሐኪሟ። «መቼ ተቃጠለች?»

«መግቢያ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል እኮ» አለ ከአልጋው ግርጌ የቆመው የልጅቷ ባል። «የፈላ ውሃ ተደፍቶባት፣ ከአንድ ሰዓት በፊት።»

የጻፉት አያቷ ነበሩ፣ እሱ እየነገራቸው። «ትንፍሽ ካልሽ እጨርሳታለሁ» ብሏቸው ነበር ታክሲው ውስጥ።

«የአንድ ሰዓት ከሆነ ጠብቄ ደግሜ አየዋለሁ» አለች ሐኪሟ። «ከቆየ ግን አሁኑኑ ቆዳውን ካልሰነጠቅሁት እጇን ታጣለች።»

አያቷ የልጅቷን ጣቶች አዩ። ጥፍሮቿ ጠቁረዋል።

«ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው! ዘይት ደፍቶባት፣ በር ቆልፎባት አምስት ሰዓት ሙሉ ስትጮህ ዋለች!»

«አንቺ አሮጊት!» ብሎ ባልየው ዘለለና ጉሮሯቸውን አነቀ። ጭንቅላታቸውን ከግድግዳው ጋር አላተመው። የመድኃኒት ጠርሙሶች ወለሉ ላይ ተከሰከሱ። ነርሱና ሁለት ጥበቃዎች ተረባርበው መሬት ለመሬት ጎትተው አወጡት። እየተጎተተ «ትወጫለሽ አይደል! በር ላይ አገኝሻለሁ!» ይል ነበር።

ሐኪሟ ልጅቷን ማደንዘዣ ወጋቻት፣ ምላጩንም አነሳች። የደረቀውን ቆዳ ከክርን እስከ አንጓ ስትተረትረው ስንጥቁ በራሱ ተበረገደ። ልጅቷ አንሶላውን በጥርሷ ቀደደችው። አያቷ ፊታቸውን አላዞሩም።

መሣሪያው እንደገና አረፈ። ሹው። ሹው። ሹው።

«ተመለሰ» አለች ሐኪሟ።

ልጅቷ በደከመ ድምፅ «እማማ፣ ወረቀቱን እንዳለ ተዪው። ይገድልሻል» አለች።

አያቷ ያበጠ ጉሮሯቸውን ዳበሱ።

«እስክሪብቶ ስጪኝ፣ ልጄ» አሉ ሐኪሟን። በገዛ እጃቸው የጻፉትን «የፈላ ውሃ ተደፍቶባት፣ ከአንድ ሰዓት በፊት» ሰረዙት። ከሥሩ «ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ባሏ የፈላ ዘይት ደፋባት» ብለው ጻፉና ስማቸውን እስከ ወንድ አያታቸው አሰፈሩ።